«ያጽናናኝ እጮኛዬ ነው ወይስ ማሽኑ?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፣ የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ ጎንደር ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም በነርስነት እሠራለሁ። እጮኛዬ ሥራው ሐዋሳ ነው። በጥቅምት አባቴ ሲያርፍ ለቀብሩ መድረስ አልቻለም፤ የመጣው ለአርባው ነው። እስከዚያ ድረስ ግን በየምሽቱ በቴሌግራም ረጅም መልእክት ይልክልኝ ነበር። ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲል ያንን እያነበብሁ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ለአርባው ሲመጣ ግን ብዙም ሳይናገር አግዳሚ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ፤ ያ ሁሉ ቃል የት ሄደ ብዬ ገርሞኝ ነበር።

አባቴ ከማረፉ በፊት በቤት ጉዳይ ተጣልተን ሳንታረቅ ነው የተለየኝ። ይህን ከእጮኛዬ በቀር ለማንም አልነገርሁም። ከመልእክቶቹ አንዱ “አባትሽ ከልባቸው ይቅር ብለውሻል፤ አሁን አንቺም ራስሽን ይቅር በዪ” ይል ነበር። ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ሌሊት ነው።

በጥምቀት ሰሞን መጥቶ ሳለ ፎቶ ለማየት ላፕቶፑን ስከፍት ቻት ጂፒቲ ከሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽን ጋር የተጻጻፈው ፊቴ ድቅን አለ። “እጮኛዬ አባቷ ሞተውባታል፤ ተጣልታቸው ነበር፣ ጸጸቱ እየገደላት ነው። ከአጠገቧ መሆን አልቻልሁም፤ ምን ልበላት? የጎንደር ልጅ ናት፤ ልብ የሚነካ አድርገህ በአማርኛ ጻፍልኝ” ይላል። ከሥሩ እኔ ያለቀስሁባቸው ቃላት ተደርድረዋል። የማታዎቹ ረጃጅም መልእክቶች በሙሉ ከዚያ የወጡ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሚልካቸው “እናትሽ የስኳር መድኃኒታቸውን ወሰዱ?”፣ “ዛሬም የሌሊት ተረኛ ነሽ?” የሚሉት አጫጭሮቹ ብቻ እዚያ የሉም። ስጠይቀው “ቃሉ የማሽን ቢሆንም ስሜቱ የእኔ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው” አለኝ። ተናድጄ እኔም ነገሩን ለዚያው ቻት ጂፒቲ ጻፍሁለት፤ እምነትሽን አጉድሏል፣ ግንኙነቱን ብታጤኝው ይሻላል አለኝ። ሽማግሌዎች ከፋሲካ በኋላ ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል። ያጽናናኝ ማን ነው? ይቅርታውስ የማን ነው? ግራ የገባኝ፣ ከማራኪ።»

ውድ እኅቴ፣

አስቀድሜ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የአባትሽንም ነፍስ ይማር እላለሁ። ሐዘንሽ ገና ዓመት ያልደፈነ በመሆኑ «ተዪው» ወይም «አግቢው» የሚል ፍርድ ከእኔ አትጠብቂ። አቋሜን ግን አልደብቅሽም። እጮኛሽ ካጠፋው ሁሉ ቀላሉ፣ በእኔ ግምት፣ አንቺ አብዝተሽ የተከፋሽበት የቃል መዋሱ ነገር ነው። ከእሱ የሚከብደው መዋሱን መደበቁ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ በደብዳቤሽ መካከል በአንድ አረፍተ ነገር ያለፍሽው፣ ለእሱ ብቻ የነገርሽውን የአባትሽንና የአንቺን ጠብ ሳይጠይቅሽ አሳልፎ መስጠቱ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። በሐዘን ጊዜ ቃል መዋስ በአገራችን ነውር ሆኖ አያውቅም። በጎንደር ለቅሶ ቤት ያደገ ሰው ሙሾ አውራጅን ያውቃታል። ከመጀመሯ በፊት ከቤተሰቡ አንዱን ገለል አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ በማድረግ ትጠይቃለች፤ የሟቹ አባት ማን ይባሉ እንደነበር፣ በምን ሙያ እንደሚታወቁ፣ የትኛውን ልጃቸውን እንደዳሩ፣ ከልጆቻቸው መካከል በሩቅ አገር ያለና ለቀብር ያልደረሰ ማን እንደሆነ ጠይቃ ትረዳለች። ከዚያ ተመልሳ ግጥሙን ስታወርድና ያልደረሰውን ልጅ በስሙ ስትጠራው ድንኳኑ በሙሉ በለቅሶ ይናወጣል። ግጥሙን የገጠመችው ሌላ ስለሆነች የሚስትየው እንባ የራሷ አይደለም ያለ ሰው ግን የለም። ፊደል ላልቆጠረ ወታደር ለእናቱ ደብዳቤ ሲጽፍለት የኖረ ጓደኛም ነበረ፤ እናትየው ደብዳቤውን የላከልኝ ልጄ አይደለም ብላ አታውቅም። ልጃችሁን ለልጃችን ብለው የሚመጡት ሽማግሌዎችም ቢሆኑ የሚናገሩት በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ እጮኛሽ «ቃሉ የማሽን ቢሆንም ስሜቱ የእኔ ነው» ሲልሽ ጨርሶ ሐሰት ተናግሯል ልልሽ አልችልም።

ነገር ግን ሙሾ አውራጇ ሁሉም የሚያያት ሰው ናት። ግጥሙ የእሷ መሆኑን ቤተ ዘመዱም ለቀስተኛውም ያውቃል። የተሳሳተ ነገር ብትናገር የሚያርማት አክስት አጠገቧ አለች፤ በማግሥቱ ገበያ ስትወጣ እነዚያኑ ሰዎች ታገኛቸዋለች፤ ስለዚህ ለምትናገረው ትጠነቀቃለች። ሽማግሌም ቢሆን ትዳሩ የታወከ ዕለት ተጠርቶ የሚወቀስ ነው። ቃል በሌላ አፍ ሲነገር የኖረው እንዲህ በግልጽ ሲሆንና ተጠያቂ ሲኖረው ነው። እጮኛሽ ቃል የተዋሰው ግን የማይታይ፣ ስለ ተናገረውም የሚጠየቅ ሰው ከሌለው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ረዳት የተጠቀመ ሰው ተጠያቂነቱን በሙሉ ራሱ መሸከም ነበረበት፤ ያም የሚጀምረው «ቃል ቢያጥረኝ ማሽን አግዞኛል» ብሎ ከመናገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ሰው ከማሽን ጋር እየተነጋገረ ከሆነ ይህ እንዲነገረው ደንግጓል። ሕጉ ስለ ሥርዓቶቹ አቅራቢዎች እንጂ ስለ እጮኛሞች የወጣ አይደለም፤ ያም ሆኖ ማወቅ የሚገባን ነገር እንዳለ ያሳያል።

የተጽናናሽበትን ነገር ምንነት ማወቅሽ ስለሚጠቅምሽ በአጭሩ ልግለጽልሽ። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብበው፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በመተንበይ ላይ የተገነቡ ናቸው። ከዚያም ሰዎች ከመልሶቻቸው የትኛውን እንደሚወዱት እየለዩ በመንገር እንዲገሩ ይደረጋሉ። ስለዚህ ስለ ሐዘን ሲጠየቁ በዓለም ላይ ሐዘንተኛን ለማጽናናት ከተጻፈው ሁሉ የተውጣጣ፣ አንባቢን ደስ እንዲያሰኝ የተቃኘ ቃል ያወጣሉ። አባትሽን አያውቋቸውም፤ አንቺንም እጮኛሽ ከጻፈላቸው መስመር አልፈው አያውቁሽም። ብዙውን የተማሩት ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። «ራስሽን ይቅር በዪ» የሚለው ምክር በእናቶቻችን አንደበት ከምንሰማው የለቅሶ ቤት ማጽናኛ የራቀ የመሰለሽ ከሆነ አልተሳሳትሽም።

ያም ሆኖ በማሽን ቃል ተጽናናሁ ብለሽ እንዳታፍሪ እለምንሻለሁ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ኤላይዛ ስለምትባል፣ የተጻፈላትን መልሳ ወደ ጥያቄ እየለወጠች ከመጠየቅ ያለፈ ብዙም ስለማትችል ፕሮግራም ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሲሠራት ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትመለከት የቆየችው የገዛ ጸሐፊው ከፕሮግራሟ ጋር መጻጻፍ በጀመረች ጊዜ ብቻዋን ትቶ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠይቃዋለች። ምን እንደሆነች የምታውቀው ሰው እንዲህ ከሆነች፣ የእጮኛሽ መስሎሽ ያነበብሽው አንቺማ ብታለቅሺ ምን ይገርማል?

አንቺ የጤና ባለሙያ ስለሆንሽ ሌላም ልጨምርልሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት፣ ሰዎች በኢንተርኔት ላቀረቧቸው 195 የጤና ጥያቄዎች ሐኪሞች የሰጡት መልስና ቻት ጂፒቲ የሰጠው መልስ የማን እንደሆነ ሳይገለጽ ለባለሙያዎች ቀርቦ ነበር። ገምጋሚዎቹ በ78.6 በመቶው ምዘና የማሽኑን መልስ መረጡ፤ አዛኝነቱንም የበለጠ አድርገው መዘኑት። እኔ ይህን የማነበው ማሽኑ ከሐኪም ይልቅ አዛኝ ነው ብዬ አይደለም። ማሽን አይደክመውም፤ ከደጅ የተሰለፈ ሕመምተኛ የለበትም፤ ረጅምና ለስላሳ መልስ መጻፍ ምንም አያስከፍለውም። አንቺ ከሌሊት ተረኝነት በኋላ ለአንድ ሕመምተኛ የምትናገሪው አንድ የደከመ «አይዞህ» ግን ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ሕመምተኛውም ይህን ያውቃል። በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሌላ ጥናትም አለ። ማሽን የጻፈውን መልስ ያነበቡ ሰዎች ሰው የጻፈውን ካነበቡት ይልቅ የተደመጡ መስሎ ተሰምቷቸዋል፤ መልሱ የማሽን መሆኑ ሲነገራቸው ግን ያ ስሜት ቀነሰ። በላፕቶፑ ፊት የደረሰብሽም ይኸው ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ ከቃሉ ጀርባ ተቀምጦ ሲያስብልሽ ያመሸ ሰው አለ ብለሽ ያመንሽው ነገር ግን ፈረሰ። የከፋሽ በከንቱ አይደለም።

አሁን እጮኛሽ ለማሽኑ የጻፈውን መልሰሽ አንብቢው። «ከአጠገቧ መሆን አልቻልሁም፤ ምን ልበላት?» ይላል። በዚያ ሁሉ መጻጻፍ ውስጥ ከሰው ልብ የወጣው አረፍተ ነገር ይህ ነው። ይህ አረፍተ ነገር መድረስ የነበረበት ለአንቺ ነበር። «ቃል አጣሁልሽ፤ ከአጠገብሽ ባለመሆኔ አንጀቴ እያረረ ነው፤ ምን ብዬ እንደማጽናናሽ አላውቅም» ብሎ ቢጽፍልሽ ኖሮ፣ ሙሉ ሌሊት ባያስተኛሽ እንኳ፣ የሚጨነቅልሽን ሰው ታገኚው ነበር። እሱ ግን ጭንቀቱን ለማሽን ነግሮ፣ የተወለወለውን ቃል ለአንቺ ላከ። በእኔ እምነት ከመካከላችሁ የጎደለው ይህ ነው። ወንድ ልጅ በሐዘን ፊት ቃል ሲያጥረው ማፈሩን አውቀዋለሁ፤ የጎንደር ቤተ ዘመድ ደግሞ አንደበተ ርቱዕን ስለሚያከብር እፍረቱ ይበረታል። ይሁንና ባልና ሚስት ለመሆን የሚያስቡ ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ቃል ማጣት ማየት ካልቻሉ በኋላ ብዙ ነገር ሳይተያዩ ይቀራል።

የዚህ ልማድ ሌላ ጉዳት በአርባው ዕለት ታይቷል። በአርባ ሌሊቶች ውስጥ በቴሌግራም አንድ ሦስተኛ ሰው ተፈጥሯል፤ ስሙና ፎቶው የእጮኛሽ ነው፣ አንደበቱ ግን የእሱ አይደለም። አንቺ የጠበቅሽው ያንን ሰው ነበር፤ የመጣው ግን ወንበር የሚያመላልሰው ዝምተኛ ነው፣ ስለዚህም ገረመሽ። ዛሬ ብዙ ሰው በስልክ የሚያሳየው ማንነትና በአካል የሚገኘው ማንነት እየተራራቁበት ነው፤ ፎቶው ይስተካከላል፣ ድምፁ ይጠራል፣ አሁን ደግሞ ደግነቱና ርኅራኄውም በሌላ እጅ ይጻፋል። የዚህ ዕዳ የሚወድቀው በሁለታችሁም ላይ ነው። እሱ በስሙ የተፈጠረውን ሰው ሲመስል መኖር ይኖርበታል፤ አንቺም እውነተኛውን ሰው በሌለው ሰው ስትመዝኚው ትኖሪያለሽ። እባክሽ ወንበር ሲያመላልስ የዋለውን በዚያኛው አትለኪው። በሁለት ቀን መንገድ መጥቶ፣ ደረቱን ሳይነፋ፣ የእድሩን ወንበር ተሸክሞ መዋል በእኛ አገር ለቅሶ መድረስ ማለት ነው።

የጠዋቶቹን አጫጭር መልእክቶችም እንደ ተራ ነገር አትለፊያቸው። እናትሽ ስኳር እንዳለባቸው፣ በለቅሶ ግርግር ውስጥ መድኃኒት እንደሚረሳ፣ አንቺም ሐዘን ላይ ሆነሽ ተረኛ መግባትሽን አስቦ የጠየቀሽ እሱ ራሱ ነው። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልጻፈለትም። ርኅራኄ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ውበት የሌለው ጥያቄ ሆኖ ነው የሚመጣው። ይህን የምልሽ ልከላከልለት አይደለም፤ ያጽናናኝ ማን ነው ብለሽ ስለጠየቅሽኝ የመልሱን አንድ ክፍል ልሰጥሽ ብዬ ነው።

ወደ ምሥጢርሽ ስመጣ ግን እንዲህ አልራራለትም። ከአባትሽ ጋር ሳትታረቂ መለያየትሽን ለማንም ሳትነግሪ ለእሱ ነግረሽዋል። እሱ ደግሞ አስቦበትም ሳይሆን፣ ቃል ለመፈለግ ሲጣደፍ፣ በሌላ አገር ኮምፒውተር ላይ ለሚቀመጥ ሥርዓት ጻፈው። ብዙ ሰው ከማሽን ጋር መጻጻፍን ከራስ ጋር ከመነጋገር አይለየውም፤ ሆኖም የተጻፈው ይቀመጣል፣ ተጠቃሚው ቅንብሩን ካልቀየረም ለወደፊት ማሠልጠኛ ሊውል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ በተካሄደ የቅጅ መብት ክርክር ፍርድ ቤት ባዘዘው መሠረት የቻት ጂፒቲ ባለቤት ተጠቃሚዎች የሰረዟቸውን ውይይቶች ሳይቀር ለወራት እንዲያቆይ ተገድዶ ነበር። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ከዚያ በፊትም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመጻጻፍን ነፃነት አክብሯል። ይህን የማነሣው እጮኛሽን ትከሺው ዘንድ አይደለም። የአንድን ሰው ምሥጢር ከመናገር በፊት እሱን መጠየቅ እንደሚገባ አንቺ ከሙያሽ ታውቂዋለሽ፤ የሕመምተኛሽን ካርድ ለጎረቤት አታነቢም። እሱ ይህን እንዲረዳ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ «ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው» የሚለው መልሱም ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

አሁን የምለው ደስ ላይልሽ ይችላል፤ ስለምጨነቅልሽ ግን እለዋለሁ። ተናድደሽ ነገሩን ለዚያው ማሽን በጻፍሽለት ጊዜ አንቺም የእሱን ገመና አውጥተሻል፤ ፍርድም የጠየቅሽው የአንድ ወገን ቃል ብቻ ከሰማ ዳኛ ነው። በእኛ ሽምግልና አንዱ ሲናገር ሌላው ተቀምጦ ይሰማል፣ ተራው ሲደርስ ይመልሳል፤ ሽማግሌውም የሁለቱንም ፊት እያየ ያደምጣል። ማሽኑ የሰማው የተቆጣችን ሴት ቃል ብቻ ነው፤ እጮኛሽም ነገሩን በራሱ መንገድ ቢጽፍለት «በርቀት ሆነህ የምትችለውን አድርገሃል» የሚለው ይመስለኛል። እነዚህ ማሽኖች ለጠያቂያቸው ማዘንበላቸው የታወቀ ነው፤ የቻት ጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕን ኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 አንድ ማሻሻያውን ለተጠቃሚው ከመጠን በላይ የሚያጎበድድ ሆኖ ስላገኘው መልሶ አንሥቶታል። ስለ ትዳርሽ የሰጠሽን ምክር በዚህ ዓይን እዪው። ስለ መድኃኒት መጠን ወይም ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ብትጠይቂው አልቃወምም፤ መልሱን ማረጋገጥ ትችያለሽና። የእጮኛሽን ልብ ግን ከእጮኛሽ በቀር የሚነግርሽ የለም።

ይቅርታው የማን ነው ብለሻል። ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ያገኘሽው እንቅልፍ በዚያ አንድ አረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፦ «አባትሽ ይቅር ብለውሻል» ለማለት ማሽኑ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እጮኛሽም ቢሆን በራሱ እጅ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ያንን የማለት ሥልጣን አልነበረውም፤ ምንም ቢወድሽ በአባትሽ ስም መናገር አይችልም። ስለዚህ ያጣሽው ይቅርታ የለም፤ መጀመሪያውንም አልተሰጠሽም። ይህ ማለት ግን ይቅርታው የለም ማለት አይደለም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከአባትሽ ራስጌ የነበሩ ሰዎች አሉ፤ እናትሽ አሉ፣ ያስታመሟቸውም ካሉ እነሱ። ሄደሽ «አባቴ ስለ እኔ ምን ይል ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። በቤት ጉዳይ ተቆጥተው የነበሩ አባት ልጃቸው ተረኛ ገብታ በሰላም መመለሷን ሲጠይቁ እንዳልነበረ ማን ያውቃል? መልሱ የፈራሽው ዓይነት ሊሆንም ይችላል፤ እሱንም ቢሆን ብቻሽን ከምትሸከሚው ከእናትሽ ጋር ብትካፈሉት ይሻላል። የንስሐ አባትሽም ለዚህ ነው ያሉት። ጸጸትሽን በስልክ ውስጥ አንቀሽ አትያዢው።

ከእጮኛሽ ጋር የምትነጋገሩት በቴሌግራም መሆን የለበትም። ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ለፋሲካ ሲመጣ ቢሆን መልካም ነው፤ ከሰው ግርግር ወጣ ብላችሁ ተቀመጡ። ስለ ምሥጢርሽ ምን እንደተሰማሽ ንገሪው፤ «ለምን ዋሸኸኝ» ብለሽ ሳይሆን «ምን ልበላት ያልኸውን ለእኔ ብትለው ምን ያስፈራህ ነበር?» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ አንቺ ዝም በዪ። የሚሰጥሽ መልስ ተንተባትቦ፣ ቃሉ ተሰባብሮ ሊሆን ይችላል፤ አትርጂው፣ ቃል አታቀብዪው። ያን የተሰባበረ መልስ መስማት ከቻልሽና እሱም መናገር ከደፈረ፣ ሁለታችሁ ትዳር ለመጀመር የሚበቃ ነገር አላችሁ ብዬ አምናለሁ። መሣቅ ከያዘው፣ ወይም «ይህን ያህል ምን አካበደሽ» ካለሽ፣ ችግሩ ማሽን አይደለም፤ ሕመምሽን ለመስማት አለመፈለጉ ነው፣ ያ ደግሞ ማሽን ባልነበረበት ዘመንም ትዳር ሲያፈርስ የኖረ ነው።

መግባባት ከቻላችሁ ውይይቱን ከቻት ጂፒቲ አብራችሁ ሰርዙት፤ አንቺ የጻፍሽውንም እንዲሁ። ከእንግዲህ ከሁለታችሁ የአንዳችሁን ጤና፣ ቤተሰብ ወይም ገመና የሚመለከት ነገር ሳትጠያየቁ ለማሽን እንዳይሰጥ ተስማሙ። ቃል ሲያጥረው እርዳታ መፈለጉን አትከልክዪው፤ ሲፈልግ ይንገርሽ ብቻ። ምናልባት አንድ ቀን «ይህን ማሽን ጻፈው፣ እኔ ግን የምልሽ እንዲህ ነው» ብሎ ሁለቱንም ቢያሳይሽ አብራችሁ የምትሥቁበት ይሆናል።

የሽማግሌዎቹን ቀጠሮ በተመለከተ፣ ከመነጋገራችሁ በፊት ከሆነ የተያዘው፣ ለአጎትሽ ወይም በአባትሽ ቦታ ለቆመው ዘመድ ቀኑ ትንሽ ይራዘም ብለሽ ንገሪያቸው። የአባትሽ ሙት ዓመት ገና ስላልደረሰ ማንም በክፉ አያየውም፤ ከመካከላችሁ የሆነውንም ለዘመድ መዘርዘር አይጠበቅብሽም። ለእጮኛሽ ግን የተራዘመበትን ምክንያት ሳትሸፍኚ አንቺው ራስሽ ንገሪው።